ክፉን ማየትና ክፉን መማር

ለዐዋቂዎች የተሠራውን የብራዚል የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ወጣት ልጆች ሊያዩት ይገባልን? ጥያቄው ለጆሮ ቀላል ቢመስልም፥ ሲመረምሩት ግን «ሰው ክፉን በማየቱ ብቻ ክፉ ይሆናልን?» ወደሚለው የቆየ ክርክር ያደርሳል።

አስቀድመን የአገሩን ሕግ እንመልከት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. የወጣው የብራዚል ሕገ መንግሥት ሳንሱርን አስቀርቶ፥ ትርኢቱ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚስማማ የማመልከትን ሥልጣን ለመንግሥት ሰጠ። በዚህም መሠረት ለ14 ዓመት ልጅ የተፈቀደው ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት፥ ለ16 ዓመት የተፈቀደውም ከ4 ሰዓት በፊት እንዳይታይ ተደንግጎ ነበር። ዳሩ ግን በ2016 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰዓቱን በሚተላለፍ ጣቢያ ላይ የሚጣለውን ቅጣት ሻረው። ምልክቱ ቀረ፤ በሩን የመጠበቁ ዕዳ ግን በወላጅ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

መከልከልን የሚደግፉ ወገኖች በ2015 የታየውን «ቬርዳዴስ ሴክሬታስ» ይጠቅሳሉ። በዚህ ድራማ አንዲት ልጃገረድ የልብስ ሞዴል ለመሆን ወጥታ ገላን ወደ መሸጥ ትገባለች። ልጅ ጥፋቱን ትቶ ቅንጦቱን ይዞ ይነሣል የሚለው ስጋታቸው የሚናቅ አይደለም። በአንጻሩም በ2000 በታየው «ላሶስ ደ ፋሚሊያ» አንዲት ወጣት በደም ነቀርሳ ታማ ጠጉሯ ሲላጭ ያዩ ብዙ ሰዎች መቅኔያቸውን ለመለገስ ተመዝግበዋል። እንግዲህ ድራማ ወደ ቅንጦት የሚስበውን ያህል ወደ ርኅራኄም ይስባል።

በእኛ አስተያየት ጉዳቱ የሚመጣው ኃጢአት በመታየቱ ሳይሆን፥ ዋጋው ሳይታይ በመቅረቱ ነው። እነዚህ ድራማዎች ለብዙ ወራት ይቀጥላሉ፤ ክፉው ሰው ቅጣቱን የሚቀበለው ብዙ ጊዜ በመጨረሻዎቹ ምሽቶች ነው። ዐዋቂ የዘሩንና የመከሩን መካከል በልምዱ ይሞላዋል፤ አንዲት ምሽት ብቻ ያየ ልጅ ግን ዘሩን እንጂ መከሩን አያይም።

ስለዚህ ከተመለከተው ዕድሜ በታች ያለ ልጅ ባያይ እንመርጣለን፤ ዕድሜው የደረሰውም ከወላጁ ጋር ተቀምጦ እየጠየቀ ቢያይ ይጠቀማል። በልጁ ላይ በሩን ዘግቶ ለብቻው የሚመለከት አባት ግን ልጁን የሚያስተምረው መታቀብን ሳይሆን መደበቅን መሆኑን አይዘንጋ።