መጀመሪያ ማን ይረዳ?

ሰንጋ ተራ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር የጀበና ቡና የምትሸጥልን ልጅ ነበረች። ገቢዋ ከብዙዎቻችን ደሞዝ አያንስም ነበር። አንድ ሰሞን ልጇ ታመመባትና ሁለት ሳምንት ሥራ ቀረች። ለመድኃኒት ሲኒዎቿም ረከቦቷም ተሸጡ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። በዚያው ሰሞን እኛ ለአንድ ጎረቤት ገንዘብ አዋጥተን ነበር። እሱ ምንም ገቢ የለውማ! እሷን ግን “ትሠራ የለ እንዴ” ብለን አለፍናት።

ነገሩ ሲከነክነኝ ከፕሮፌሰር ረድኤት አበበ ጥናት ጋር ተገናኘሁ። ረድኤት አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ ሃርቫርድ ሒሳብ ያጠኑ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ያገኙ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ፤ በኋላም በርክሌይ ማስተማር ጀመሩ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ያቀረቡት ሥራ ቤተሰብን በገቢው ብቻ አይለካም። በእጁ ያለው ጥሪትና በድንገት የሚመታው ነገር፣ ለምሳሌ በሽታ ወይም ከሥራ መቀነስ፣ አብሮ ይሰላል። ይሄ ሲገባበት የተረጂዎቹ ቅደም ተከተል ሊገለበጥ ይችላል።

ከዚያ ሁለት ዓላማ ይመጣል። አንዱ የሚወድቁትን ቤተሰቦች ቁጥር መቀነስ ነው። ሌላው ለመውደቅ ከሁሉ የቀረበውን ቤተሰብ ማስቀደም ነው። ሁለቱ ሁሌ አንድ ሰው ላይ አያርፉም። የቱ ይሻላል ለሚለው ደግሞ ኮምፒውተሩ መልስ የለውም፤ የታዘዘውን ነው የሚያሰላው።

ሰፈራችን ይሄን ታውቀዋለች። በ2009 ዓ.ም. የሰንጋ ተራና የክራውን 972 የ40/60 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ቅድሚያው መቶ በመቶ ለከፈሉት ነበር። ዕጣ ሲባል “ዕድሌ ነው” ብሎ ለመጽናናት ይመቻል። ዕጣው ውስጥ ማን ይግባ የሚለውን ግን የወሰነው ሰው ነው።

“ታዲያ ለጎረቤታችሁ መስጠት ስህተት ነበር?” ትሉኝ ይሆናል። አይመስለኝም። በትንሽ ብር የሚድነውን ብቻ እየመረጥን ከረዳን፣ ቀድሞ ለወደቀው ማን ይደርስለታል? እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ልጅቷን የሁለት ሳምንት ወጪ ያቆማት ነበር፤ እኛ ግን ሁለቱን አመዛዝነን አልመረጥንም። ከነጭራሹ አልጠየቅንም።

አሁን መዋጮ ሲዞር ብሬን ከመስጠቴ በፊት አንድ ጥያቄ አነሳለሁ፦ በዚህ ወር ሳይናገር ሊወድቅ የደረሰ ማን አለ? አንዳንዴ ዝም ይባላል። አንዳንዴ ግን አንድ ሰው ስም ይጠራል።