ጅምራችሁን አትደብቁ

በዱከም መንገድ ዳር ሥጋው በአደባባይ ይሰቀላል፤ ዳንቴሉ ግን ይደበቃል። ይህን ስል ፈገግ የምትሉ አላችሁ። ፈገግታችሁ ይቆየን፤ ዛሬ የመጣሁት ለወቀሳ ነው።

ጠበል ጸዲቅ ልንቀምስ ወይም የታመመ ልንጠይቅ ቤታችሁ ስንገባ ያለቀ የደቀቀ ሥራ እናያለን። ሶፋው ላይ ዳንቴል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል፣ መጋረጃው ጫፍ ላይ ጥልፍ። «እጅሽ ይባረክ» እንላለን፤ ይባረክም። ገና ግማሽ የሆነውን ያየ ሰው ግን የለም። በር ሲንኳኳ ኪሮሹ ከነክሩ ትራስ ሥር ይገባል። የጎረቤት ልጅ «እትዬ፣ ምን እየሠሩ ነው?» ስትል «ኧረ ምንም» ትባላለች። ጭን ሙሉ ክር ይዞ «ምንም»! ውሸት ትንሽ ቢሆንም ውሸት ነው፤ ያውም ለሕፃን።

ሦስት ነገር እናገራለሁ።

አንደኛው ስለ ሰው ዓይን ነው። «ጅምር ሥራ ዓይን ይወድቅበታል» ትላላችሁ። አንገታችሁ ላይ ማተብ አለ፤ ጠዋት መስቀል ተሳልማችኋል፤ ከዚያ ወዲያ የጎረቤት ዓይን ክራችሁን እንዳይበጥሰው ትሰጋላችሁ። እስቲ ልጠይቃችሁ። እዚህ አስፋልቱ ዳር፣ ሱቅ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ የሚሰፋው ወንድማችን ግማሽ ሱሪ ይዞ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። ወደ ናዝሬት የሚያልፈው ያየዋል፣ ከደብረ ዘይት የሚመጣው ያየዋል። ማን በላው? እኔ የማውቀው አንድ ጉዳት ቢኖር ዋጋ አስወድዷል መባሉ ብቻ ነው።

ይህ ፍርሃት ሥሩ ሩቅ ነው። አገራችን በእጁ የሚሠራውን ሰው ስትንቅ ኖራለች። ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ብላለች፤ ሸማኔውንም በመወርወሪያው ሰድባዋለች፣ የሠራውን ጋቢ ለብሳ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ቢከፋ ነው። ያኔ የምንጠረጥረው የሚሠራውን ነበር። ዛሬ ሠራተኞቹ እኛው ሆነን የሚያየንን እንጠረጥራለን። ቂሙ ቦታ ለወጠ እንጂ አልወጣልንም።

ሁለተኛው ሙያ መደበቅ ነው። «ሙያ በልብ ነው» የሚለውን አባባል እንደ ቁልፍ ትጠቀሙበታላችሁ። አባባሉ የተነገረው ሳይሠራ ለሚፎክር ሰው ነበር፤ እናንተ ሠርታችሁ ላለማስተማር ትጠቅሱታላችሁ። አበባው እንዴት እንደሚቆጠር ስትጠየቁ «ከመርካቶ የተገዛ ነው» የምትሉ እንዳላችሁ ደርሼበታለሁ። በገዛ እጃችሁ የሠራችሁትን፣ ዓይናችሁ የፈሰሰበትን ሥራ ለነጋዴ አሳልፋችሁ ትሰጣላችሁ፣ ልጅቱ እንዳትማር ብቻ። ይህ ምን ዓይነት ንፍገት ነው? ንፉግ እንኳ የራሱን «የእኔ ነው» ይላል።

የሙሴን ድንኳን አስታውሱ። መጋረጃው በሰማያዊ፣ በሐምራዊ፣ በቀይ ግምጃና በጥሩ በፍታ ነበር። ዘፀአት 35ን ገልጣችሁ አንብቡት፤ ሴቶቹ ያመጡት መጋረጃ አልነበረም። ያመጡት የፈተሉትን ነው። ክር! ገና ያልተሸመነ፣ ያልተጠለፈ ክር ተሸክመው መጡ፤ ባስልኤልና ኤልያብ ከዚያ በኋላ ሠሩት። እያንዳንዷ «እስኪያልቅ ማንም አይየው» ብላ ድንኳኗ ውስጥ ብትቀመጥ ኖሮ እንኳን መጋረጃ መቀነትም አይወጣውም ነበር። እመቤታችንስ? መልአኩ ሲመጣ ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል ነበር። ሠዓሊዎቻችን እንዝርቷን በእጇ አስይዘው ይስሏታል፤ «ቆይ ልደብቀው» ስትል የሣላት ግን አላየሁም።

ሙያውን የማላውቅ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ እናቴ ሥር ክር ስጠቀልል ነው ያደግሁት። ክብ ዳንቴል ከመሐል እየተጀመረ ዙር በዙር ይሰፋል። በየዙሩ የሚጨመረው ካነሰ ሥራው ወደ ላይ ይጎብጣል፤ ከበዛ ጠርዙ ይጨማደዳል። ጭን ላይ ይዘሽው ሳለ አይታወቅሽም። ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ፣ ከፊት ለፊት የተቀመጠች ሌላ ሴት ስታየው ግን ወዲያው ይታወቃል። አንዲት እናታችን የጠረጴዛ ልብስ ለልጃቸው ሠርግ ጀመሩ። ክረምቱን ሙሉ በድብቅ ሠሩ። ሠርጉ ሲቃረብ ዘረጉት፤ አልተኛም አለ። ጎረቤታቸው ቆጠረችው፤ ስሕተቱ ከመሐል አራተኛው ዙር ላይ ነበር። ኪሮሽ ደግሞ ምሕረት የለውም፤ አራተኛውን ለማረም ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይተረተራል። በአምስተኛው ዙር ላይ ቡና ሲጠጡ ቢያሳዩዋት ኖሮ የሚፈርሰው የአንድ ምሽት ሥራ ነበር። ሠርጉ በተገዛ ላስቲክ አለፈ።

ሌላዋ ደግሞ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በዚህ ከተማ እንደ እሷ አልጋ ልብስ የሚሠራ አልነበረም ይባላል። «ይባላል» ያልኩት ስላላየነው ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ኖረች። ለሴት ልጆቿ እንኳ «ስትደርሱ» እያለች ሳታሳያቸው ዐረፈች። ጣቢታ በኢዮጴ ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ የሰፋችላቸውን ቀሚስና ልብስ ለቅዱስ ጴጥሮስ አሳዩት። የእኛዋ ስትሞት በሠልስቱ ቁልፍ ሲፈለግ ዋለ። ሳጥኑ ሲከፈት ብል ገብቶበታል። ያንን አበባ ዛሬ ቆጥሮ የሚሠራው የለም፤ ከእሷ ጋር ተቀበረ።

ሦስተኛውን ልል ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቁጥሩን ልተወው።

ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ሁዋጂያን ለውጭ ገበያ ጫማ ሲያሰፋ፣ ሌሎቹም ፋብሪካዎች ሲከተሉ፣ ከየገጠሩ የመጡ ልጆች በየግቢያችን ቤት ተከራይተዋል። እዚያ አንዷ ቆዳ ትቆርጣለች፣ አንዷ ታጥፋለች፣ አንዷ ትሰፋለች፤ ጅምሩ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። አንዷ ጅምሯን ብትደብቅ መሥመሩ ይቆማል። ከእነዚህ ልጆች አንዷ ከፈረቃዋ በተረፋት ሰዓት ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠመች፣ ውስጡን በአሮጌ አንሶላ እየደረበች ብርድ ልብስ መሥራት ጀመረች። ማንም አላስተማራትም። ግማሹን እንዳደረሰች ቡና ላይ ይዛው ቀረበች። ደብቃ አይደለም፤ ይዛ ቀረበች! እኔ ዛሬ ለምኜ ያጣሁትን እሷ ሳትለመን አደረገችው። ከእናንተ አንዷ ምን አለች? «ምነው ልጄ፣ ድሪቶ ደረትሽ?» ሌሎቻችሁ ሳቃችሁ።

ልጅቱ አጥፋ ይዛው ሄደች። ቡና ላይ ተመልሳ አልመጣችም።

አሁን ስሙኝ። ሥራ የሚደበቀው የሰው ዓይን ተፈርቶ አይደለም፤ የእናንተ ምላስ ተፈርቶ ነው። አላባማ ውስጥ ጊዝ ቤንድ በምትባል መንደር ያሉ የጥቁር ሕዝብ እናቶች ካረጀ የሥራ ልብስ ቀድደው የገጣጠሙት ብርድ ልብስ እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተንና በኒው ዮርክ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው እየተሰለፈ አይቶታል። እናንተ ዘንድ ቢመጣ ድሪቶ ነበር። አዳምንና ሔዋንን ራሱ ልብስ ያለበሳቸው ፈጣሪ በቅጠል ስፌታቸው ሳቀባቸው የሚል ጽሑፍ አላነበብሁም።

በበዓል ቀን መርፌ አትይዙም። ክር አትቆርጡም፤ መልካም፣ አባቶች ያስተማሩት ነው። ግን በዚያው በበዓል ቀን ጀበና ከቦ ሰው ይቆረጣል፣ ሰው ይተረተራል። ሚካኤል መርፌውን ይቆጣጠራል፣ ምላሱን ግን አያይም ያላችሁ ማነው?

እናቶቼ፣ ስለምወዳችሁ ነው የምቆጣችሁ። በክረምት ለማኅበሩ ሕፃናት ሹራብ የሠራችሁት እናንተ ናችሁ፤ እሱንም አይቻለሁ። እጃችሁ ለጋስ ነው፤ ስስታም የሆነው ዕውቀታችሁ ነው። የሚያውቅ ሰው ጅምሩን ሲያሳይ የማያውቀው ይደፍራል። ሁልጊዜ ያለቀውን ብቻ የምታይ ልጅ ግን «ይህስ ለእኔ አይሆንም» ብላ ኪሮሹን ታስቀምጣለች፤ ቀጥላም ከቻይና የመጣውን ትገዛለች፤ ቀጥላችሁም እናንተ «የዛሬ ልጆች ሙያ የላቸውም» ትላላችሁ።

ስለዚህ በዓል በማይውልበት በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሰንበቴው አዳራሽ እንገናኝ። ያለቀ ሥራ ይዛችሁ እንዳትመጡ፤ ደጅ ላይ እመልሳችኋለሁ። የተጀመረውን፣ የጎበጠውን፣ የተጨማደደውን ይዛችሁ ኑ። በዚያች ልጅ የሳቃችሁ ሁሉ ደግሞ ከዚያ በፊት ቤቷ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቋት፤ ማታ ፈረቃ ካልገባች ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ቤቷ ናት።