ያላዩት አገር በሆሳዕና መንገድ

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» የሚለውን ተረት ሁለት ዓይነት ሰው ሲናገረው ሰምቻለሁ። አንዷ በቃኝ ባይ ናት፤ ልጆቿ አዲስ አበባን እናሳይሽ ብለው ሲወተውቷት «ተዉኝ ልጆቼ፣ ያላዩት አገር አይናፍቅም» ትልና ወደ ጓሮዋ ትመለሳለች። ሌላው ነገረኛ ነው፤ ጎረቤቱ ቀምሶት የማያውቀውን ምቾት ሲመኝ ሲሰማ በዚሁ ተረት አፉን ያስይዘዋል። አነጋገራቸው ቢለያይም እምነታቸው አንድ ነው፦ ናፍቆት ከዓይን ይወለዳል፤ ዓይን ያልደረሰበት ነገር ልብን አያስጨንቅም።

ሆሳዕና ላይ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ከሆሳዕና እስከ ሾኔ፣ ከዱራሜ እስከ ሺንሺቾ ባሉት ከተሞች ያላዩትን አገር መናፈቅ የዕለት ኑሮ ነው። ደቡብ አፍሪካን በካርታ ላይ አሳየን ቢሉት የሚቸገር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የጆሃንስበርጉን ጄፒ ሰፈር፣ ጥቁሮቹ የሚኖሩበትን ሎኬሽን፣ ብርድ ልብስና መጋረጃ በዱቤ እያዞሩ መሸጥ ስንት እንደሚያስገኝ ሳይደናቀፍ ይነግርሃል። ትምህርቱን ለምን እንደተወ ብትጠይቀው ደግሞ ጥያቄው ራሱ ይገርመዋል።

ይህ ናፍቆት እንዴት ተወለደ? በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሆሳዕና ላይ በተደረገ የወንጌል ስብሰባ ከውጭ የመጣ ሰባኪ ወደ ደቡብ በር እንደሚከፈት ተንብዮ ነበር ይባላል፤ የሀዲያን ስደት ያጠኑ ምሁራንም ይህን ትረካ መዝግበውታል። ትንቢት መቼም ያላዩትን ማሳየት ነው። እኔ ግን ከትንቢቱ ይልቅ ሕጉን አምናለሁ። የደቡብ አፍሪካ የስደተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ በ2000 ሥራ ላይ ሲውል፣ ጥገኝነት ጠያቂውን ካምፕ ውስጥ አላጎረም። ጉዳዩ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ፣ በየጥቂት ወሩ ወረቀቱን እያሳደሰ፣ ከተማ ውስጥ ሠርቶ መኖር ቻለ። የአባት ማሳ በልጆች እየተከፋፈለ ከጓሮ ላነሰባቸው የሀዲያና የከምባታ ቤተሰቦች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

መንገዱንም ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፦ ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፣ ዚምባብዌ። በግንቦት 2000 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት 62 ሰዎች ሞቱ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ግዛት ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነገረ። ሁለቱም ወሬዎች ሆሳዕና ደርሰዋል። ለቅሶ ተቀምጦ የተነሣ ቤተሰብ ከጊዜ በኋላ ሌላ ልጅ ለመላክ ደላላ ሲያነጋግር ማየት እዚህ ብርቅ አይደለም።

ታዲያ ተረቱ ወደቀ? ለተረቱ ጥብቅና የሚቆም ሰው አንድ ጥሩ መልስ አለው፦ ልጁ መች ሳያይ ናፈቀ? አይቷል እንጂ። ያየው ግን ጆሃንስበርግን አይደለም። ያየው ከዚያ በተላከ ብር የቆመውን ፎቅ፣ በመስከረም ለያሆዴ በዓል የመጣውን ሰው ጫማና የኪሱን ልግስና፣ በስልክ የሚደርሰውን ፎቶ ነው። ወደዚያ በሙሽርነት የምትሄደውም ልጅ ብዙ ጊዜ ባሏን የምታውቀው በዚያው ፎቶ ነው። አገር ሙሉውን ባይመጣም ቁራሹ ይመጣል፤ ናፍቆቱም የቁራሹ ነው።

በዚህ ሆሳዕና የመጀመሪያዋ አይደለችም። የሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ምሁሮቻችን ጃፓንን የናፈቁት አንዳቸውም ሳይረግጧት ነበር። በጽሑፍ ያገኟት ጃፓን በአጭር ጊዜ የሠለጠነች፣ ባህሏን ያልጣለች፣ ነጭን ያሸነፈች አገር ነበረች፤ ይህ በቃቸው። ሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ሲያረቅቁ አብነት ያደረጉት የጃፓንን የ1889 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን በዓይናቸው ያዩት ከዚያ በኋላ ነበር፤ ደርሰው መጥተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። መጀመሪያ ናፍቆት፣ ቀጥሎ ሕግ፣ መጨረሻ ጉብኝት! የተረቱን ቅደም ተከተል እንዲህ የገለበጠው የቤተ መንግሥት ምሁር ከሆነ፣ የሾኔ ጎረምሳ ላይ ምን እንፈርዳለን?

አሁን ወደ አንድ ወዳጄ ልምጣ። የከምባታ ልጅ ነው፣ መምህር ነው፣ የሚያጠናው የእጽዋት በሽታ ነው። ሦስተኛ ዲግሪውን የያዘው ፕሪቶሪያ ባለው የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ በዩኒሳ ነው። ዩኒሳ አቃቂ ላይ ማዕከል ስላለው ለእኛ መምህራን የፕሪቶሪያ ተማሪነት አዲስ አበባ ላይ ይጀመራል። ድሮም የሩቅ ተማሪ ቤት ነው፤ ኔልሰን ማንዴላ እስረኛ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1989 የሕግ ዲግሪያቸውን በተልእኮ ያገኙት ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ወዳጄ አማካሪውን አግኝቶ ጥቂት ወራት እዚያው ሊሠራ በቪዛና በአውሮፕላን ፕሪቶሪያ ገባ። ታላቅ ወንድሙ ያንኑ አገር የገባው ከዓመታት በፊት በሞያሌ በኩል ነበር። ደላላውን ያወቁት፣ ገንዘቡንም የተበደሩት አባታቸው ናቸው።

ቅዳሜ ሲሆን ወደ ወንድሙ ይሄዳል። ወንድሙ ሎኬሽን ውስጥ ስፓዛ የምትባለዋን ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ ይዟል። ዳቦ፣ ዘይት፣ የሞባይል ካርድ የሚሸጠው በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ ነው፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ዕቃውን በዚያው ያወጣል። የሚተኛው ከኋላ፣ ከዱቄቱ ጆንያ ጎን ነው። ሲመሽ ከውስጥ ይቆልፋል። ተማሪው ወንድሙ እንዲህ መኖሩን ሲያይ የመጀመሪያው ስሜቱ እፍረት ነበር፤ የሱን የመመዝገቢያ ክፍያ ከፊሉን የሸፈነው ያ ፍርግርግ ነውና። ለማስታወሻ ፎቶ እንነሳ ቢለው ታላቁ እሺ አለ፤ ግን ከሱቁ አውጥቶ መንገድ ማዶ ከቆመች የሰው መኪና አጠገብ አቆመው። ፎቶው ዱራሜ ደረሰ። እናትየው ለጎረቤት አሳዩት።

ተረቱ ያላሰበው ይህን ይመስለኛል። «ያላዩት» ሲል፣ ያየ ሰው መጥቶ ይናገራል ብሎ አምኖ ነው። ያየው ግን አይናገርም። አባት የተበደሩት ብር አለ፤ እናት አለች፤ «እሱ ሰነፍ ስለሆነ ነው» የሚል ሰፈር አለ። እናትየው በስልክ «ወንድምህ እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቁት ወዳጄ «ደህና ነው» ብሎ መለሰ። ውሸት አልነበረም፤ ወንድሙ በሕይወት አለ፣ ይሠራል፣ ይልካል። ግን የከተማዋ ናፍቆት የሚቀለበው በእንዲህ ያለው «ደህና ነው» ነው። ስለዚህ ሆሳዕናን በጥፋት የሚከስሱ፣ ወጣቱን «ማስተዋል የጎደለው» የሚሉ ስብሰባዎች ላይ ስቀመጥ አንገቴን አልነቀንቅም። ወጣቱ በደረሰው ማስረጃ ነው የፈረደው። ማስረጃውን ያጎደልነው እኛ ታላላቆቹ ነን።

ተማሪውን ግን ሌላም ነገር ገጠመው፤ ተረቱን ከምር ያናወጠብኝ ይኸኛው ነው።

ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ ሊያነብ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። አያቱ ጓሮ አንድ ሰሞን እንሰቱ ቢጫ ሆኖ እየጠወለገ ሲወድቅ ያየ ልጅ ነው። በሽታውን ለሳይንስ ያስተዋወቁት ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ መሆናቸውን፣ ጽሑፋቸውም እ.ኤ.አ. በ1968 መውጣቱን ያገኛል። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ በሙዝ ላይ ሲታይ፣ እንሰት ምን እንደሆነ የማያውቁ ሰዎች ሁሉ የዳኛቸውን ጽሑፍ ያገላብጡ ጀመር። አብረውት የሚማሩ ኡጋንዳውያን ታዲያ ከእንሰት አገር መምጣቱን ሲሰሙ ከበቡት። ቆጮ እንዴት ነው የሚሠራው? ግንዱ በምን ይፋቃል? ጉድጓድ ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆያል? ቡላው መቼ ይለያል?

ቆጮ በልቶ ያደገው ምሁር መልስ አጣ። እንሰት መፋቅ የሴቶች ሥራ ነው፤ ወንድ ልጅ በዚያ አይዞርም። አሚቾው ሲቀቀል ደርሶ ይበላል እንጂ እናቱና እህቶቹ መፋቂያውን ቀርከሃ ይዘው ከእንሰቱ ሥር ሲቀመጡ እሱ ከብት ይጠብቃል፣ በኋላም ትምህርት ቤት ነው። በዓለም ላይ የሚያውቀው የመሰለው አንድ ጓሮ ውስጡ ተዘግቶበት ኖሯል። ማታ እናቱ ጋ ደወለ፤ «ደህና ነው» ለማለት ሳይሆን ለመጠየቅ። እናትየው መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ገረማቸው፣ ከዚያ አስተማሩት። ያን ቀን በስልክ የቆዩትን ያህል ቆይተው እንደማያውቁ ነግሮኛል። «ናፈቀኝ» አለኝ፤ ምኑ? ብለው፣ «ያላየሁት» አለ።

ውጭ አገር ደርሶ የተመለሰ ተማሪ በአነጋገሩና በልብሱ መለካት ልማዳችን ነው፤ እንግሊዝኛው ተስተካከለ፣ ጃኬቱ አማረበት እንላለን። እኔ ወዳጄን የለካሁት እናቱን በጠየቃቸው ጥያቄ ነው።

በንባቡ ሌላም ነገር አገኘ። ጀርመናዊቷ የሥነ ልሳን ተመራማሪ ኢቮን ትራይስ የኮሎኝ ተማሪ ሳለች ከምባታ መጥታ፣ ከምባቲሳን ተምራ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የቋንቋውን ሰፊ ሰዋስው አሳትማለች። ከዚያ በፊት በ2005 ባሊሻ ስለሚባለው ልማድ ጽፋ ነበር። በባሊሻ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም፤ ስማቸው በሚጀምርበት ክፍለ ቃል የሚጀምሩ ቃላትንም ትሸሻለች፣ በምትካቸው ሌላ ትላለች። ወዳጄ እናቱ አንዳንዱን ነገር ሰው ሁሉ ከሚጠራበት ውጭ ሲጠሩ ሰምቶ ያደገ ነው፤ የእሳቸው ብቻ አመል ይመስለው ነበር። የገዛ ቤቱን ወግ ከኮሎኝ የመጣች ልጅ ነገረችው። ልብ በሉ፣ እሷም ከምባታን ሳታያት ናፍቃ አልመጣችም ይሆናል፤ ካየቻት በኋላ ግን ደጋግማ ተመልሳለች። ለእሷ ተረቱ እንደተነገረው ሠርቷል። ለባለ አገሩ ልጅ ግን ተገልብጧል፦ እሱ የናፈቀው አብሮት ኖሮ ያላየውን ነው፣ ለማየትም ፕሪቶሪያ መድረስ ነበረበት።

የተማረው ሁሉ እንዲህ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ውጭ ተምሮ አገሩ ይበልጥ የጠፋችበት ሰው ሞልቷል፤ እነሱን ላስቆጥራችሁ ብል ወረቀት አይበቃኝም።

ወዳጄ በመስከረም ለመሳላ በዓል ዱራሜ ተመለሰ። ታናሽ ወንድማቸው አሥረኛ ክፍል ነው፤ ደላላም ይዟል። በዓሉ አልፎ፣ ዘመድ ከተበተነ በኋላ፣ ወዳጄ ሳይነግር የቆየውን ሊነግረው ቁጭ አደረገው። ስለ ፍርግርጉ ነገረው። ከጆንያው ጎን ስለሚነጠፈው ፍራሽ፣ ወረቀት ለማሳደስ ጎህ ሳይቀድ ስለሚያዘው ወረፋ፣ በሁከት ጊዜ ሱቅ ዘግተው በጓደኛ ቤት ስለሚያድሩባቸው ሌሊቶች፣ ስለ መኪናዋ ፎቶ ጭምር ነገረው። ልጁ በጥሞና ሰማ። ከዚያ በአክብሮት፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ቤቱን በምን ሠራው?» አለ።

የተቀመጡት እዚያው ቤት ውስጥ ነበር፤ ሴራሚኩ ከእግራቸው ሥር ነው። ወዳጄ ወረቀት አምጥቶ ያሰላለት ጀመር፦ ለደላላ የተከፈለው፣ ወለዱ፣ በወር የሚተርፈው ራንድ፣ የተዘረፈበት ዕቃ፣ ዕዳው ያለቀበት ዓመት። ስሌቱ ትክክል ነበር፣ አስተማሪ አይደል! ታናሹ ወረቀቱን ወስዶ ከላይ እስከ ታች አየው። እስክሪብቶውንም ተቀበለውና የዕዳውን ዓመት ከበበው።

«እኔ ከሱ ቀድሜ እጨርሳለሁ» አለ።