እውነት መሆኑ ብቻ ይበቃልን?

ነገ በየቤተ መጻሕፍቱ የሚያገለግሉ ጓደኞቻችን የማኅበራዊ ሚዲያን አጠቃቀም ይማሩ ሲባል እኛም እንደግፋለን። አንባቢው ያለው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ነውና። ግን ምኑን ይማሩ? ገጽ መክፈቱንና ፎቶ መለጠፉንማ የሠፈር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል እኮ!

እውነቱን ከሐሰቱ መለየት ይማሩ እንበል። መልካም። ታዲያ ወሬው እውነት የሆነ ዕለትስ? በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ ጋሞዎችና ሌሎች ወገኖች ሲገደሉ፣ የሞታቸው ዜና ሐሰት አልነበረም። አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ተቆጥቶ ለበቀል ወጣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ልብ እንበል፤ አባቶች ሞቱን አልካዱም፣ አልደበቁም። እንቢ ያሉት፣ የቡራዩ ደም በአርባ ምንጭ ጎረቤት ይከፈል የሚለውን ነው።

የቤተ መጻሕፍት ሰው መረጃ መደበቅ ሙያው አይደለም። ሆኖም በተቆጣ ሕዝብ መካከል ወሬ ወርውሮ «እኔ እውነቱን ነው የለጠፍኩት» ማለት እንደ ጲላጦስ እጅ መታጠብ ነው። መጽሐፍ በካታሎግ ካርዱ ላይ ደራሲውና ዘመኑ ይጻፍለታል። ለዜናውም ማን አለው፣ መቼ አለው፣ ገና ያልታወቀው ምንድን ነው የሚል ይጻፍለት። በጋሞ ዱቡሻ የሚናገር ሰው በጉባኤው ፊት ቆሞ ነው የሚናገረው፤ ለቃሉም ይጠየቃል።

ጓደኞቻችን ይህን ካልተማሩ የተማሩት ጣት ማፍጠን ብቻ ነው። እኛስ አንባቢዎቹ፣ ለሌላው ከመላካችን በፊት ስንቶቻችን ቆም እንላለን?