ሳጥን የገባው ቃል

አንድ የደን ሹም ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጥዱና ዝግባው ዓመት በዓመት ሲመነጠር እያየ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ደኑን ሊከልል ቆረጠና አገሬውን ዋርካ ሥር ሰብስቦ፣ «ድንበር ልናበጅ ነው፤ ምን ትላላችሁ?» አለ።

አንዲት እንጨት ለቃሚ ተነሥታ ጭራሮ የሚለቀምበት ወቅት እንዲተውላቸው ለመነች። እረኛው ስለ ሆራው ተናገረ። በመጨረሻ ቀፎ በመስቀል የሚተዳደሩ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ጌታዬ፣ በታች በኩል ያለችውን ቀጭን መንገድ አትዝጉብን። ማር ስንቆርጥ የምናጨሰው እኛ ነን፤ እሳት ከእጃችን አምልጦ ያውቃል። ሸንተረሩ ላይ ከወጣ የሚደረስበት በእሷ ብቻ ነው» አሉ።

ጸሐፊው አንዲት ቃል ሳያስቀር ጻፈ። ሰዉም ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ። ጽሑፉ ተጠቅልሎ ሳጥን ገባ። በማግስቱ ችካሉ ተተከለ፤ ከስብሰባው አስቀድሞ ተጠርቦ፣ የሚያርፍበትም ቦታ ተለክቶ ነበር። መንገዷ ተዘጋች።

ጥቂት ዓመት ደኑ አማረበት። ከዚያ በአንድ በጋ፣ ነፋስ በበረታበት ቀን፣ ሸንተረሩ ላይ ጭስ ታየ። ጡሩምባ ሲነፋ ከአገሬው የቀረ የለም፤ ወንዱ መጥረቢያና እርጥብ ቅጠል፣ ሴቱ በእንስራ ውሃ ይዞ ወጣ። መንገዷን ግን እሾህና ቁጥቋጦ ውጧታል። እየመነጠሩ እኩሌታዋን ሳያገባድዱ እሳቱ ሸንተረሩን ዞሮ ቁልቁል ወረደ።

ሹሙ አመድ ላይ ቆሞ ሽማግሌውን፣ «አባቴ፣ ይህን እያወቁ ምነው ዝም አሉ?» አላቸው።

«ዝምስ አላልኩም። ሳጥንዎን ይክፈቱት።»

ከፈተው። ቃላቸው አንድ ፊደል ሳይጎድል እዚያው ነበር። ሹሙ በማግስቱ የመለኪያውን ገመድ አምጥቶ ጫፉን ለሽማግሌው አስያዛቸው፤ ችካሉም ተነቅሎ እሳቸው ባሳዩት ተተከለ።

የመንግሥት ደን ጉዳይ ተነሥቶ «ሕዝቡን አወያይተናል» ሲባል የምፈራው ይህን ሳጥን ነው። ሰዉ መሰብሰቡን፣ መናገሩን፣ መፈረሙን አልጠራጠርም። መጠየቅ ያለበት ችካሉ መቼ ተጠረበ የሚለው ነው።

ሌላ አካሄድ እንዳለ በባሌ ተራሮች ሰሜናዊ ግርጌ አዳባና ዶዶላ አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ገደማ ጀምሮ የደኑ ነዋሪዎች «ዋጂብ» በሚባሉ ማኅበራት ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ውል ገቡ። አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ እንዳይበልጥ፣ ለአንድ ቤተሰብም 12 ሄክታር ገደማ እንዲደርስ ታሰበ። አባላቱ ኪራይ ሊከፍሉ፣ ደኑ እንዳይሳሳም ሊጠብቁ ተስማሙ፤ በምትኩ ደኑ ውስጥ የመኖር፣ ከብት የማሰማራትና በልኩ እንጨት የመቁረጥ መብት አገኙ። ውል ሁለቱንም ወገን ስለሚያስር የገበሬው ቃል እዚያ ክብደት ነበረው። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የባለቤትነት ዓይነት ተቀብሏል፤ ሕግ የለም የሚያሰኝ አይደለም።

እንግዲህ ቃለ ጉባኤ ሲጻፍ ከእያንዳንዱ ሐሳብ ጎን በእሱ ምክንያት ምን እንደተለወጠ ይጻፍ፤ ካልተለወጠም ለምን እንዳልተለወጠ። ይህም ድንበሩ ሳይጸና፣ ሐሳቡ በተነገረበት ቦታ፣ ለተናገሩት ሰዎች ይነበብላቸው፤ በየስብሰባው ከኋላ ለሚቀመጡት እንጨት ለቃሚ ሴቶች ጭምር።