የተከፈተ ደጅ ሁሉ ከእግዚአብሔር ነውን?

ወንድሜ ሆይ፥ ሐዋርያው ዮሐንስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ በ4ኛው ምዕራፍ፥ መንፈስን ሁሉ ሳንፈትን እንዳናምን ያስጠነቅቀናል። ትእዛዙ የተጻፈው ስለ ሐሰተኞች ነቢያት ነው፤ ነገር ግን በገበያም ያስፈልገናል፤ ስስት የጸሎትን ቃል መናገር ያውቃልና።

በ2017 ዓመተ ምሕረት የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፥ ብዙዎች ከጎረቤትና ከዕድር ሲለያዩ፥ እኔ በቂርቆስ እኖር ነበር። አንዲት መበለት ዕቃዋን የምታኖርበት ስፍራ አጥታ የልብስ ስፌት መኪናዋን በግማሽ ዋጋ ለመሸጥ አወጣች፤ እኔም ገዛሁ። ለልጄ እንዲህ ያለ መኪና ለማግኘት ስጸልይ ቆይቼ ነበርና፥ «እግዚአብሔር ደጁን ከፈተልኝ» ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያች ሌሊት ግን ልቤ ጠየቀኝ፤ ይህን ምስጋና በእርስዋ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ ልናገረው እችላለሁን? አልቻልሁም። ሌላ ገዢ እንዳይቀድመኝ መቸኰሌም ትዝ አለኝ። በማግስቱ የቀረውን ዋጋ ወሰድሁላት። እርስዋም ዝም ብላ ቈጠረችው፤ ያ ዝምታ ከስብከት ይልቅ ገሠጸኝ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ እግዚአብሔር የሚከፍተው ደጅ አለ፤ የባልንጀራ ችግር የሚከፍተውም ደጅ አለ። በርካሽ መግዛት ሁሉ ኃጢአት ነው አልልም፤ ሻጭ ወዶ የሚቀንሰውን መቀበል ነውር አይደለምና። ነገር ግን ወደ ዕብራውያን በተላከው መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ እንደምንማረው፥ መልካሙን ከክፉው የሚለይ ልቡና የሚሠለጥነው በመልመድ ነው። ስለዚህ ከመግዛትህም ከመፈረምህም በፊት፥ ባልንጀራህ የሚሰማህ ያህል ሆነህ አመስግን፤ ምስጋናው ከአፍህ አልወጣ ቢል፥ እጅህን ሰብስብ።