የተመዘገበ ጠመንጃ የማን ነው?

አጎቴ ወሎ ውስጥ፣ ማሻ ባለው ቤታቸው፣ ከመደቡ በላይ፣ አንድ ምንሽር ሰቅለዋል። ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ ተጠፍሯል፤ ማንገቻው የበሬ ጠፍር ነው። አፈሙዙን አቧራ እንዳይገባበት በጨርቅ ይወትፉታል። ጥይቱ አምስት ብቻ ሲሆን ሦስቱ አርጅተዋል፤ ይተኩሱ አይተኩሱ እሳቸውም አያውቁም። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይኼ እንግዲህ ምን ይሠራልዎታል?» አልኋቸው። «መኖሩ ይታወቃል፤ ሥራው እሱ ነው» አሉኝ።

መልሳቸውን ደጋግሜ አሰብሁበት። የጠመንጃው ሥራ መታወቁ ከሆነ፣ መንግሥት «አስመዝግቡ» ሲልም የሚጠይቀው ይህንኑ መታወቅ ነው። ታዲያ ሌባ እንዲያውቀው የሚፈልግ ሰው መንግሥት እንዳያውቀው ለምን ይሸሽጋል? የዚህ ሐተታ ጥያቄ ይህ ነው።

ከሕጉ እንጀምር። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 51 ስለ ጦር መሣሪያ መያዝ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። ዜጋው መሣሪያ የመያዝ መብት አለው የሚል ቃል ግን የለውም። አሜሪካኖች ይህን መብት በ1791 እ.ኤ.አ. በሕገ መንግሥታቸው ማሻሻያ ጽፈውታል፤ እኛ ዘንድ ጠመንጃ በፈቃድ የሚያዝ ዕቃ ነው። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ፈቃድ ግዴታ መሆኑን ደነገገ፤ መሣሪያ መያዝ የቆየ ልማድ የሆነባቸው አካባቢዎች መኖራቸውንም ከግምት አስገባ። ልማድን ማወቁ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ፈቃድ የሰጠ እጅ ፈቃዱን መንጠቅም መቻሉ ነው።

ሐምሌ 2013 በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ወደ አማራ ክልል ሲገባ የክልሉ መንግሥት የመንግሥትም ሆነ የግል መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲዘምት ጥሪ አቀረበ። ያን ጊዜ «ጠመንጃህ ተመዝግቧል ወይ?» ያለ አልነበረም፤ የራሱን ክላሽ፣ የራሱን ስንቅ ይዞ የሄደው ጀግና ተባለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2015 መጋቢት ማብቂያ፣ የክልሎች ልዩ ኃይል እንዲፈርስ ተወሰነ፤ ሐምሌ 28 ቀን ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ክላሹን አንግቶ የሚሄደው ገበሬ ተጠርጣሪ ሆነ። ሰውየው ያው፣ ጠመንጃው ያው፤ የተለወጠው ስሙ ነው። ሚሊሻ፣ ዘማች፣ ሕገ ወጥ ታጣቂ። ሕግ የሚመዝነው ሰውየው ያደረገውን ሳይሆን ዛሬ ለማን እንደሚያድር ከሆነ፣ መዝገቡ የጥበቃ ሰነድ መሆኑ ቀርቶ የስም ዝርዝር ይሆናል። አጎቴ የሚፈሩት ይህን ነው፤ ፍርሃታቸውም ከልምድ የመጣ ነው።

አሁን «ሁሉም ትጥቅ ይፍታ» የሚለውን ተቃዋሚዬን ልስማ፤ ክርክሩ ከባድ ነውና። በሠርግ የተተኮሰች ጥይት የት እንደምታርፍ ማንም አያውቅም። በድንበር፣ በውኃ፣ በአንዲት በግ የተነሳ ጠብ በዱላ ቢሆን ኖሮ በስብራት ያልቅ ነበር። ግድግዳ ላይ ጠመንጃ ሲኖር ግን የተቆጣ ሰው ወደ ቤቱ ሮጦ ይገባል። አንድ ሰው ይወድቃል፤ ከዚያ ደም መላሽ ይነሣል፤ ከዚያ ሽማግሌ፣ ወሎ ውስጥም አበጋሩ፣ ደሙን ለማድረቅ ደጅ ለደጅ ይመላለሳል። ይህን የሚያጣጥል ጠመንጃ ወዳድ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ አያውቅም ማለት ነው። እኔ ተቀምጫለሁ፤ ስለዚህ «ጠመንጃ ሰው አይገድልም» የሚለውን ወሬ አልቀበልም።

ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው «ስለዚህ ሁሉም ይፍታ» ነውን? አይመስለኝም። የሰው ደም የሚጠይቀው ተጠያቂነትን ነው። በመንደር የማን ጠመንጃ እንደ ጮኸ ሳይታወቅ አያድርም፤ መዝገብ ሳይፈጠር አውጫጭኝ የሚባለው የመንደር ምርመራ ነበር። ትጥቅ መፍታት ደግሞ ሁሉንም እኩል አይነካም። ትእዛዝ ሲወጣ ቀድሞ የሚያስረክበው ሕግ አክባሪው ነው፤ ገደል ለገደል የሚያድረው ዘራፊ ቀበሌ ድረስ ወርዶ ክላሹን ፈርሞ አያስረክብም። ከሁለት ጎረቤት ጎጦች አንዱ ቀድሞ ቢፈታ፣ ሰላማዊ መሆኑ ራሱ ቅጣት ይሆንበታል። ይህን በትልቁም አይተነዋል። ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ፣ በ1927 ክረምት፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ጣሊያን መሣሪያውን ራሱ ይሠራ ነበር፤ እኛ ከውጭ እንገዛ ነበር። በወረቀት ላይ እኩል የሆነው ክልከላ የጎዳው አንዱን ብቻ ነበር።

እንግሊዛዊው ሆብስ፣ ኃያል መንግሥትን ከማንም በላይ የደገፈ ሰው ሆኖ ሳለ፣ በ1651 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፉ ዜጋ ለገዢው የመታዘዝ ግዴታው ገዢው ሊጠብቀው እስከቻለ ድረስ ነው ይላል። ውሉ ግልጽ ነው፤ ጠመንጃዬን ስሰጥህ ሌሊቴን ትጠብቃለህ። ጥበቃው ሳይኖር ጠመንጃውን ብቻ መውሰድ ዋጋ ሳይከፍሉ ዕቃ ማንሳት ነው።

ምዝገባን አልቃወምም። ፈቃድ የተከለከለ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ያግኝ፤ ፍርድ ቤት ይሂድበት። የተወሰደበትም ደረሰኝና ካሳ ይያዝ። ጠጥቶ የሚተኩስ፣ በጠብ የሚያነሣ ይነጠቅ፤ በዚህ አልከራከርም። ይህ ከተሟላ አጎቴም አስመዝግቡ ቢባሉ ያስመዘግባሉ። አስረክቡ ከተባሉ ግን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ሌሊት ውሻው ሲጮህ ማንን ልጥራ? ለዚህ መልስ ያለው ባለሥልጣን ከመካነ ሰላም ከተማ ተነሥቶ ማሻ ድረስ ይምጣ፤ ቡና ይፈላለታል።